የረዲያ ቢጫ

ረዲያ ጭሮ ውስጥ ሐር የምትነክር ሴት ናት። ነጩን ሐር ከአዲስ አበባ ታስመጣለች፤ ቀለሙን ግን ከገበያ መሬት ላይ ትለቅመዋለች። ሽንኩርት ሻጮች የሚደፉትን ልጣጭ በጆንያ ሰብስባ ትቀቅላለች። ከዚያ ጥራጊ ውስጥ የማለዳ ፀሐይ የመሰለ ሻሽ ሲወጣ እኔ ጎረቤቷ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ዝጋው፣ ዝንብ ይገባብሃል" አለችኝ።

አራት ዓመት አብራት የሠራችው ኩብራ የራሷን ሱቅ ስትከፍት፣ ረዲያ መርቃ ነው የሸኘቻት። ኩብራ ግን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "የረዲያ ቢጫ የፋብሪካ ዱቄት ነው፤ ቆዳ ያቆስላል" ትል ጀመር። አማርኛ ለሚሰማው በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ለሚሰማው በኦሮምኛ። ሙሽሮች ቀሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የረዲያን በር የሚያንኳኳ ጠፋ።

ረዲያ አልጮኸችም፤ ሽማግሌም አልላከችም። የኩብራን ሻሽ በሰው አስገዝታ አሸተተችው። እርድ ነበር። ኩብራ ልጣጭ መልቀም ታክቷት በእርድ ብቻ ትነክር ነበር።

"ታዲያ ለምን አትናገሪም?" አልኳት።

"ሳሙና ይናገርልኛል።"

አልገባኝም ነበር። ባለፈው ሸዋል፣ ረመዳን ባለቀ ማግስት በሚገባው ወር፣ ከቦኬ የመጡ ሰርገኞች ለሙሽራዋና ለሚዜዎቿ አሥራ ሁለት ቢጫ ሻሽ ከኩብራ ገዙ። የሙሽራዋ አክስት ኢንሳፍ፣ አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ገላ አይነካም የምትል ናትና፣ በሰርጉ ዋዜማ ማለዳ ሁሉንም በልብስ ሳሙና አሸቻቸው። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። አሥራ ሁለቱም ደም መሰሉ።

ረፋዱ ላይ ኩብራ ሻሾቹን በሳፋ ተሸክማ፣ የተቆጣችውን ኢንሳፍን አስከትላ ረዲያ ግቢ ደረሰች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ዛሬ እህትሽ ሆንኩ?"

"ወላሂ፣ ሰርጉ ነገ ነው። አድኚኝ!"

"ዱቄት የምትበጠብጥ ሴት ምን ታውቅ ብለሽ መጣሽ?"

መድኃኒቱን ታውቀዋለች፤ ሎሚ ነው። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሳችም።

"መጀመሪያ ያወራሽውን መልሺ። እዚህ አይደለም፤ ገበያ ላይ።"

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ኩብራ በሽንኩርት ሻጮቹ መሃል ቆማ "ዋሽቻለሁ፤ የረዲያ ቀለም ልጣጭ ነው" አለች። አጠገቧ ከቆሙት በቀር የሰማት የለም።

"ጮክ በይ እንጂ! ስታሚኝ ድምፅ ነበረሽ።"

ኩብራ ጮክ አለች።

"አሁን ደግሞ በኦሮምኛ።"

አንዲት ሻጭ በሳቅ ፈነዳች። ኩብራ እያለቀሰች በኦሮምኛ ደገመችው፤ ረዲያም ቃል በቃል አዳመጠቻት።

ከዚያ ግቢዋ ተመልሳ ሎሚ ውሃ ላይ ጨመቀችና ሻሾቹን አንድ በአንድ ነከረች። ቅላቱ ከሐሩ ላይ ሲሸሽ፣ ቢጫው ከተደበቀበት ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። ኢንሳፍ "ሱብሃነላህ" አለች። ኩብራ የረዲያን እጅ ስማ ወጣች።

"ይቅር አልሻት ማለት ነው?" አልኳት።

"ሎሚው ለሙሽራዋ ነው። ደግሞ እርድ ፀሐይ አይችልም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይነጣል፤ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ሴት ኩብራን ፍለጋ ይመጣል።"

"ነግረሻታል?"

ረዲያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"አልጠየቀችኝም" አለች።