ከሰጋቱራው ላይ የበቀለው

ሶዶ ገበያ ዝንጅብል እነግዳለሁ፤ አፍንጫዬ እንጀራዬ ነው። ጆንያው ሳይፈታ የቦምቤውን ዝንጅብል ከሌላ አገሩ እለያለሁ እያልኩ ስንቱን ገበሬ አስደንግጫለሁ። ሰው የበደልኩትም በዚሁ አፍንጫ ነው።

ከሱቄ ጎን ቅቤ በኮባ ጠቅልለው የሚሸጡ እናት ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ የቅቤው ገበያ ሊደራ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰፈሩን የበከተ ነገር ሽታ ሞላው። ዝንጅብል እንዲህ አይገማም፤ ስለዚህ ቅቤ ነው አልኩ። ገዢዎች ቆንጥረው እያሸቱ ሳለ፣ «እናቴ፣ ይሄ የተናጠው ላሚቱ ከሞተች በኋላ ነው እንዴ?» ብዬ ጣል አደረግኩ።

ገዢዎቹ ሳቁ። አንዷ የያዘችውን ጥቅል መልሳ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ አፍህ አፍንጫህን ቀደመው» አሉኝ።

በሳምንቱ ቦታቸውን ለቀው ገበያው ጫፍ ሄዱ። ግማቱ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ከሱቄ ጀርባ ጓሮዬ ውስጥ ጭቃውን እንዲመጥልኝ ሰጋቱራ ደፍቼ ነበር። ከቦምቤ ዝንጅብል የሚያመጣልኝ ገበሬ ጆንያ ሊያወርድ ገብቶ ቀጥ አለ። ከሰጋቱራው ውስጥ ጣት የሚያህል ነጭ ነገር ቆሟል፤ ጫፉ ልጋግ ለብሶ ዝንብ ወሮታል፤ ከሥሩ የተሰበረ እንቁላል የመሰለ ቅርፊት አለ።

«የጅብ ጥላ የሚሉት እንጉዳይ ነው፤ የሚገማው ዓይነት። ዝንብ ጠርቶ ዘሩን ያሸክመዋል» አለና በእንጨት ቆፍሮ ገና ያልፈነዳ ሌላ እንቁላል አሳየኝ። «እናንተ ከተሜዎች የሞተ ስትፈልጉ፣ ይሄው በሕይወት አለ።»

ሰጋቱራውን ጠራርጌ አቃጠልኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ግማቱ ሲጠፋ ሻይ ቤት ውስጥ «አያችሁ፣ ሴትዮዋ ሲሄዱ አየሩ ጸዳ» ተባለ። እኔም ሰምቼ ሻዬን ጠጣሁ። ከቀልዱ ይልቅ ያ ሻይ እስካሁን ያንቀኛል።

ሦስት ቀን ታግሼ ገበያው ጫፍ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ጥቅሎቹ ፊታቸው እንደተደረደሩ ናቸው፤ ገዢ የለም።

«እናቴ፣ ግማቱ ከኔ ጓሮ ነበር። እንጉዳይ ነው።»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ቅቤዬን አውቀዋለሁ። ለሳቁት ንገር።»

ነገርኩ፤ ሻይ ቤት መሃል ቆሜ፣ እንጉዳዩንም ዝንቡንም። «ደግሞ እንጉዳይ አመጣ» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከኔ አፍ ቁም ነገር የጠበቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እስከ ጊፋታ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከእሳቸው ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለሚያልፈው ሁሉ ቅቤ ቆንጥሬ «ያሽትቱ» እላለሁ። አብዛኛው ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት ስትቆም ልቤ ደስ አለው፤ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚሸተውን እጄንም ዘረጋሁ።

እሳቸው ክንዴን ያዙኝና «መጀመሪያ ታጠብ» አሉኝ።