«መጣ ወይ?» ከጣሪያ ላይ

ወንድሜ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ እቤታችን ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አልነበረም። እሱ እያለ ጣሪያው የእሱ ግዛት ነበር። ሐረር ጀጎል ውስጥ ቤት ከቤት ተጣብቆ ስለሚሠራ ከእኛ ቆርቆሮ ተነስቶ የጎረቤታችን የሐጂ ጣሪያ ላይ ይሻገራል፤ ሐጂም ግቢያቸው ውስጥ ሆነው «አቦ፣ ይሄ ልጅ አንድ ቀን ምሳዬ ላይ ሊወድቅ ነው!» ይሉት ነበር። እኔ ከፍታ እፈራለሁ። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስወጣ እንኳ ወንበሩን የሚይዝልኝ ሰው ከሌለ ሳልቀይር እወርዳለሁ።

ዲሹን የተከለው ወንድሜ ነው። መጀመሪያ የምናየው የዓረቡን ሳተላይት ነበር፤ ኳሱም፣ ፊልሙም፣ የጅቡቲው ጣቢያም እሱ ላይ ነበሩ። ኋላ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ሌላ ሳተላይት ሲዛወሩ እናቴ መዝሙሯንም ተከታታይ ድራማዋንም አጣች፤ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ወንድሜ ወጥቶ ዲሹን ከፀሐይ መግቢያ ወደ ፀሐይ መውጫ አዞረላት። ከማዞሩ በፊት ግን የድሮው ቦታ እንዳይጠፋው ምሰሶው ላይ በእኔ ቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመረ። ስለ ጥፍር ቀለሜ ስንት ቀን አኮረፍኩት!

ዲሽ ማዞር የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይጮኻል። ከላይ ያለው «መጣ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከታች ያለው ምስሉ ሲታይ «መጣ!»፣ ሲጠፋ ደግሞ «ሄደ!» ይላል። በሰፈራችን ይህን ጩኸት ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው የለም፤ ቢያንስ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጅቡቲ ጫት የሚያመላልስ የሰፈራችን ሾፌር በራችን ላይ ቆመ። አልገባም፤ የቆመበት ሁኔታ ገና ሳይናገር አስፈራኝ። ጅቡቲ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ከተማውን ጎርፍ እንደሞላው፣ ሾፌሮቹም ከድንበር እንደተመለሱ ነገረን። «እናንተ የሰማችሁት ነገር አለ?» አለ። እናቴ ስልኳን አንስታ ለወንድሜ ደወለች። ተዘግቷል። እኔ ደወልኩ። ተዘግቷል። የተዘጋ ስልክ ደጋግሞ በመደወል የሚከፈት ይመስል እየተቀባበልን ስንደውል አረፈድን።

ኢንተርኔቱ በዚያ ሰሞን ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። ብቅ ሲል ደግሞ የሚያመጣልኝ የጎርፍ ፎቶ ብቻ ነው፤ የትኛው የዘንድሮ፣ የትኛው የሌላ አገር እንደሆነ መለየት አይቻልም። ወንድሜ ዋና አይችልም። ሐረር ተወልዶ ያደገ ልጅ የት ይማራል? ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እሷም ለእኔ አልነገረችኝም። ሁለታችንም ግን እሱኑ ነበር የምናስበው።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ድንገት ተነሳች። «የጅቡቲዎቹ የገዛ ቴሌቪዥናቸው መቼም አይዋሽም። ዲሹን አዙሪልኝ» አለችኝ።

«የዲሽ ሠሪውን ልጥራው።»

«እሱ ድሬ ጠያራ ድረስ ሠርግ ሄዷል። ውጪ ብዬሻለሁ!»

የጅቡቲው ጣቢያ የሚያወራው በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ እኛ ደግሞ አንዱንም አናውቅም። ሐጂ ግን ጅጅጋ ድረስ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸውና ሶማሊኛ እንደ ውሃ ይጠጣሉ። በግድግዳው በኩል ጠራኋቸው። «የዐስር ሶላቴን ልስገድና መጣሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

መሰላሉን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቆርቆሮው በረገጥኩት ቁጥር ይጮኻል፣ እኔም አብሬው እጮኻለሁ። በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ምሰሶው ጋ ደረስኩና አቅፌው ቁጭ አልኩ። ወደ ታች አላየሁም።

«ወደ ጅቡቲ አዙሪው!» አለች እናቴ በመስኮት።

«ወደየት?»

«በጀጎሉ የኤረር በር በኩል ነዋ! ጅቡቲ እኮ በዚያ ነው!»

አዞርኩት። የለም። ትንሽ ጨመርኩ። የለም። እናቴ ዲሹ ልጇ ወዳለበት አገር ፊቱን ካላዞረ የልጇን ወሬ የሚሰማ አይመስላትም፤ እኔም በፍርሃቴ ብዛት የምትለኝን ሁሉ እየሰማሁ ኤረር በርን ስበረብር ቆየሁ። ኋላ ላብ ያጠመቀው እጄ ምሰሶው ላይ ሲንሸራተት ከአቧራው ሥር ቀይ ነገር ታየኝ። የጥፍር ቀለሜ ነበር። መስመሩ ያለው ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው፤ ለጅቡቲ ጀርባ መስጠት ማለት ነው። ለእናቴ ምንም ሳልናገር ዲሹን አዙሬ ከመስመሩ ጋር አጋጠምኩት።

«መጣ!» አለች። «መጣ! እንዳትነኪው!»

ላጥብቀው ብል የቡሎኑ ጥርስ ተበልቷል። እጄን ሳነሳ ዲሹ በራሱ ይዞራል። ስለዚህ በሁለት እጄ ይዤው ቀረሁ። ቴሌቪዥኑን አላየውም፤ የማየው የሰው ጣሪያ ብቻ ነው። ጅቡቲን የማየው በእናቴ አፍ ነበር።

«ውሃ ነው… መኪና ውሃ ውስጥ ቆሟል… ሰዎች ሰው ተሸክመው…»

«ምን ይላሉ?»

«እኔ እንጃ! ሐጂ የት ቀሩ?»

ዜና አንባቢዋ ስታነብ ድምፁ እኔም ጋ ይደርሳል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ እናቴ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

«በድን አለች! በድን፣ በድን እያለች ነው! ሰው ያሳዩና በድን ይላሉ!»

ዲሹን ለቅቄ ራሴን ያዝኩ። ዲሹ ዞረ።

«ሄደ!» አለች እናቴ። «ወይኔ፣ ሄደ! ሄደ!»

ምስሉን ማለቷ ይሁን ልጇን አላወቅሁም። ጎረቤትም አላወቀም። የጎርፉ ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ተሰምቷል፣ የእናቴ ጩኸት ደግሞ የሲግናል ጩኸት አልነበረም። ሴቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ ግቢያችን ገቡ፣ አንዷ ገና በሩ ላይ ደረቷን መታች። እኔ ከላይ ሆኜ የወንድሜ ለቅሶ ሲጀመር አየሁ። ውረጂ ውረጂ አለኝ፤ ግን ዲሹን ከለቀቅሁ እውነቱን የሚነግረን የለም። ምርር ብዬ እያለቀስኩ ቀዩን መስመር መፈለግ ያዝኩ።

በዚህ መሀል ሐጂ ደረሱ። «ምንድነው? ያ ረብ፣ ማን ሞተ?» አሉ።

«በድን አሉ፣ ሐጂ! በጆሮዬ ሰማሁ!» አለች እናቴ።

ሐጂ «‹ዳድ በደን› ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ! እሱን ነው!»

«እህቴ፣ ‹በደን› እኮ በሶማሊኛ ብዙ ማለት ነው። ‹ዳድ በደን› ብዙ ሰው ማለት ነው፣ ወላሂ! ቁጭ በይ። እናንተም ለቅሶውን ተዉት፤ ያልሞተ ሰው ይለቀሳል እንዴ?» ቀጥለው ወደ ላይ ተጣሩ፣ «ልጄ! ያዢው እንጂ፣ አቦ!»

መስመሩን አገኘሁት። «መጣ!» አሉ ራሳቸው ሐጂ። ዜናው ሲደገም እየሰሙ ተረጎሙት፤ ብዙ ሰው ከውሃው ወጥቶ ድኗል፣ ቤት ያጣው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልሏል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ሐጂ አንድ ቦታ ላይ መተርጎማቸውን ተወት አድርገው ጉሮሯቸውን እንደጠራረጉ ከላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ስወርድ ለብቻቸው ጠየቅኳቸው። «የሞተስ አለ ወይ?»

«አለ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስም ግን አልጠሩም። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

እሁድም ስልኩ አልተከፈተም። እናቴ ከቤተክርስቲያን መጥታ የቀረበላትን ሳትነካ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። እኔም ማንም ሳያዘኝ መሰላሉን ያዝኩ። ፍርሃቴ ለቆኝ አልነበረም፤ ከእሱ የባሰ ፍርሃት ስለያዘኝ ነው። ዲሹን ይዤ ያችን ‹የሞተ አለ› የምትለዋን ነገር ብቻዬን እያብሰለሰልኩ ቆየሁ።

«መጣ ወይ?» አልኩ። «እማዬ፣ መጣ ወይ?»

«መጣ!» አለች።

ድምጿ ምስል ያገኘ ሰው ድምፅ አልነበረም። እኔ ግን ጅል ነኝና «የሲግናሉ ኳሊቲ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከግቢው የሚያቃስት የወንድ ድምፅ መለሰልኝ፦ «መስመሩን አልፈሽዋል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ መልሺው!»

ወንድሜ የሰው ልብስ ለብሶ፣ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ግቢው መሀል ቆሟል። ስልኩን ከነሻንጣው ውሃ ወስዶበት፣ በመጀመሪያ ባገኘው ጭነት መኪና ነው የመጣው። እናቴ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላለች። እኔ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩና መውረድ አቃተኝ። ያ ሁሉ የረሳሁት ከፍታ ባንዴ መጣብኝ፤ በዚያ እግሩ ወጥቶ ያወረደኝ እሱ ነው።

እግሩ ሲድን ተመልሶ ሄደ። ሥራው እዚያ ነው፤ እዚህማ ምን ይሥራ? ከመሄዱ በፊት አዲስ ቡሎን ገዝቶ ዲሹን ቀዩ መስመር ላይ አጠበቀው። እናቴ ወደ አገር ውስጡ እንዲመለስላት አልፈለገችም። ድራማዋን ትታ የማታውቀውን ቋንቋ ስታይ ትውላለች። ‹በደን› ብዙ ማለት እንደሆነ አሁን ታውቃለች። ቢሆንም ያቺ ቃል ስትጠራ እጇ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ ደውላ ድምፁን ካልሰማች አታርፍም።

ንፋስ ሲነሳ ምስሉ አሁንም ይጠፋል። ያኔ ከጓዳ ሆኜ «ሄደ እንዴ?» የምለው ነገር ቀርቷል፤ አንድ ቀን እንዲያ ብዬ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። አሁን «ምን ሆነ?» ነው የምለው።

«ወጣ ብሏል» ትለኛለች። «አሁን ይመለሳል።»