ስድስተኛው የትምህርት ቀን

ልጅ ሳለሁ ተረት የነገሩኝ ሰው ህንዳዊ ነበሩ፤ የሚነግሩኝም በአማርኛ ነበር። ይህን ሳወራ ብዙ ሰው የምቀልድ ይመስለዋል።

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ እንኖርበት በነበረው አሮጌ ሕንፃ እኛ ሦስተኛው ፎቅ፣ እሳቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ። የተዋወቅነው ደረጃው ላይ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ዝናብ ደብድቦኝ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ አልወጣም ብዬ ደረጃው መሀል ቁጭ ብያለሁ፤ እናቴ ሁለት ፌስታል አንጠልጥላ ከላዬ ቆማ ትቆጣኛለች። የሁለተኛው ፎቅ በር ተከፈተና ሹራብ በሹራብ ላይ የደረቡ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ተዪያት እንጂ፤ ልጅቷ ደክሟታል» አሉ፣ በጠራ አማርኛ።

እናቴ አንዱን ፌስታል ለቀቀችው። ድንቹ እየተንከባለለ እስከ ታችኛው በር ወረደ። ሦስታችንም ተከትለነው ወርደን ለቀምነው፤ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እየለቀሙ ወጣት ሳሉ ደሴ ለብዙ ዓመታት ሂሳብ እንዳስተማሩ ነገሩን።

ስማቸው ኩሪያን ነበር፤ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ። ከደሴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአንድ ተራራማ አውራጃ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ሆኑ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ሆስፒታል የምትሠራ ልጃቸው ሆላንድ አመጣቻቸው። እሷ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት፤ እሳቸው ሆላንድኛ አያውቁም፤ መስኮት ዳር ቁጭ ብለው ትራሙን ሲቆጥሩ ይውላሉ። እናቴ ያኔ ዞተርሜር ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራ ነበር፤ አባቴ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ቤት የሚገቡት ከመሸ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከትምህርት በኋላ እሳቸው ዘንድ መቆየት ጀመርኩ።

እናቴ «መምህር» ትላቸው ነበር። እኔ ግን እዚህ እንዳደጉት ልጆች ሁሉ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ እናቴ በሰማች ቁጥር የምትገባበት ይጠፋታል። እሳቸው ሳቁባት እንጂ ቅር አላላቸውም። «ደሴም ተማሪዎቼ ከኋላዬ አንተ ነበር የሚሉኝ፤ ይቺ ቢያንስ ፊት ለፊቴ ነው» አሏት። እሳቸውን እርስዎ ማለት የጀመርኩት ማንም ሳያስገድደኝ፣ አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ ነው።

በብርዱ ወራት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ያኔ መምህር ግድግዳው ላይ ከሰቀሉት መስቀል ሥር የምትቀመጠውን የነሐስ መብራት የኮኮናት ዘይት ጨምረው ያበሩና ወንበራቸውን ወደ ጋዝ ማሞቂያው ይስባሉ። የክሩ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጋዙ ሰማያዊ ነበልባሉን ይዞ ያፏጫል፤ መስታወቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ ምንጣፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ አገጬን በእጆቼ ደግፌ አዳምጣለሁ። የሳቸው ተረት ውስጥ ጅብ የለም፣ አንበሳም የለም። የስም መጥሪያ መዝገብ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ከጂፕ ወርዶ በሰው ጭንቅላት ላይ ተጭኖ ተራራ የሚወጣ የመማሪያ መጽሐፍ አለ። ከተማ ካልተዛወርኩ እያለ በየሳምንቱ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ሲፈቀድለት ግን ልጆቹ መንገድ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቶ ማመልከቻውን የቀደደ መምህር አለ። አንዲት ወጥ ሠሪም አለች፤ የተማሪዎቹን ሩዝና ማሾ አዋቂ ሳይቀምሰው ለልጅ አይሰጥም የሚል ደንብ ስለነበር መምህር ሊቀምሱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «መጀመሪያ ይታጠቡ» ብላ በጭልፋ የመታቻቸው። እሷን ሲያስታውሱ የእጃቸውን ጀርባ ያሻሹ ነበር።

ደጋግሜ ያስነገርኳቸው ግን የሊላማን ተረት ነው። ሊላማ ከወንዝ ማዶ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ጃንጥላ ከእጇ የማይጠፋ ሴት። በዚያ አገር ትምህርት የሚከፈተው ዝናቡ በሚገባበት ሰሞን ነው። በተከፈተ በስድስተኛው የትምህርት ቀን በየትምህርት ቤቱ የተገኙት ልጆች ይቆጠራሉ፤ ለዓመቱ ስንት መምህር እንደሚመደብ የሚወሰነው በዚያ ቀን ቁጥር ነው። ካነሰ መምህር ይነሳል። በጣም ካነሰ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይዘጋል።

መምህር ያን ዓመት ለቆጠራው አንድ ቀን ቀድመው በጀልባ ተሻገሩና እዚያው ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ገጥመው አደሩ። ሲነጋ ወንዙ ሞልቷል። ጀልባ ቀዛፊው ጀልባውን ከዛፍ ጋር አስሮ ጠፍቷል። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ዘጠኝ ናቸው። የቀሩት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ማዶ ዳር ቆመው የሙዝ ቅጠል በራሳቸው ላይ ደፍተው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

«አያቸዋለሁ» ይሉ ነበር መምህር። «በጣቴ ልቆጥራቸው እችላለሁ። ፎርሙ ግን ክፍል ውስጥ የተገኘ ነው የሚለው። ብዕሬን አወጣሁ። ዘጠኝ ብዬ ልጽፍ ነው።»

እዚህ ላይ ጎንበስ ብለው የመብራቷን ክር ያስተካክላሉ። ታሪኩን በቃሌ ባውቀውም «ከዚያስ?» እላለሁ።

ሊላማ ከፊታቸው መጥታ ቆመች። «ሰር፣ ዛሬ ስድስተኛው የትምህርት ቀን ነው ያለዎት ማን ነው?»

«የቀን መቁጠሪያው ነዋ።»

«የቀን መቁጠሪያው ዝናቡን አያየውም። ደንቡን ያውጡትና የተጻፈበትን ያሳዩኝ።»

ደንቡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። አወጡት። ጮክ ብለው እንዲያነቡት ጠየቀቻቸው፤ ዘጠኙ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው እየሰሙ አነበቡት። ገጹ ግርጌ ላይ ደረሱ፤ በጎርፍ ምክንያት የአውራጃው አስተዳዳሪ የዘጋው ቀን እንደ ትምህርት ቀን አይቆጠርም ይላል።

«አስተዳዳሪው ዘግተዋል?» አለች።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሳያውቁ አይጻፉ።»

የትምህርት ቤቱ ስልክ ተበጥሷል። ቅርብ የሚባለው ስልክ ተራራው ላይ፣ የሻይ ተክሉ ቢሮ ውስጥ ነው። መምህር በዚያ ዝናብ ሁለት ሰዓት ሽቅብ ወጡ፤ አልቅቱ በካልሲያቸው ውስጥ ገብቶ ደማቸውን ይመጥጣል። ስልኩን ያነሳው የአውራጃው ጸሐፊ ጮኸባቸው፤ «የአውራጃው ትምህርት ቤት በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል እኮ፤ እርስዎ የት ነው ያሉት?» ቁልቁል የወረዱት እየሮጡ ነው፤ ካልሲያቸው ደም በደም ሆኖ «ተዘግቷል! ተዘግቷል!» እያሉ። ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል ልጅ መቼም ይደሰታል፤ እነዚያ ዘጠኙ ግን ለምን እንደሚደሰቱ ገብቷቸው ነበር የጮኹት። ከሦስት ቀን በኋላ ወንዙ ጎደለ። በእውነተኛው ስድስተኛ ቀን ጀልባው ተመላልሶ ሁሉንም አሻገረ፤ አንድም የቀረ የለም፤ ሊላማ የነበራትን መምህር ማጣቷ ቀርቶ አንድ ተጨመረላት።

እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ትቆማለች። «በቃ፣ እንሂድ፤ መምህርን አታድክሚ» ትላለች። ግን አንሄድም። ቆማ ትሰማለች፤ ቆይታ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ መጨረሻው ሳይደርስ ተነስታ አታውቅም። ያኔ እኔን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። እዚህ አገር የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ነው፤ ልጁ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ወደየትኛው ዓይነት ሁለተኛ ደረጃ እንደሚሄድ መምህሩ ምክር ይሰጣል፤ «አድቪስ» ይሉታል፤ ስሙ ምክር ይሁን እንጂ በር ነው። ዩፍ ማሪኬ፣ የክፍሌ መምህርት («ዩፍ» እዚህ ልጆች መምህርታቸውን የሚጠሩበት ነው)፣ እናቴንና እኔን አስቀምጣ በደግ ድምፅ ለእኔ የሚሻለኝ ቬኤምቤኦ፣ ማለት የሙያ ትምህርቱ መስመር እንደሆነ ነገረችን። ቤት ውስጥ በሆላንድኛ የሚያግዘኝ ስለሌለ ከዚያ በላይ ያስጨንቀኛል አለች። በክፍሉ ውስጥ ሂሳብ ቀድማ የምትጨርሰው እኔ ነበርኩ። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች አመሰገነቻት። በብስክሌት ስንመለስ እኔ ከኋላዋ እየነዳሁ ጀርባዋን ብቻ አየሁ።

በጸደይ የሁሉም ተማሪ ፈተና ውጤት መጣ። የእኔ ከምክሩ ሁለት ደረጃ ይበልጣል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰውን መስመር ሁሉ የሚያስመኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ላከ፤ አድቪሱ ባለበት ይጸናል።

እናቴ ደብዳቤውን ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ወረደች። እኔም ተከተልኳት።

«መምህር፣ እባክዎ አብረውኝ ይሂዱ» አለቻቸው። «እርስዎ የትምህርት ቢሮ ሰው ነዎት፤ ነገሩን ያውቁታል።»

መምህር ደብዳቤውን ገልብጠው ጀርባውን ሳይቀር አዩት። «የእኔን አውራጃ አውቃለሁ። የዚህን አገር አላውቅም። እኔ ብመጣ ሽማግሌ እንግዳ ይዛ መጣች ነው የሚሉሽ። አንቺ እናቷ ነሽ።»

«ሆላንድኛዬ እኮ…»

«ሊላማስ ምን ብዙ ተናገረች?» አሏት።

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። እኔ በሆላንድኛ እየፈለግሁ፣ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ቀጥዪ፣ ታች ውረጂ» እያለች፣ ደንቡን አገኘነው። የፈተናው ውጤት ከአድቪሱ ከበለጠ ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ እንደገና ማየት አለበት፤ ካልለወጠም ምክንያቱን ማስረዳት አለበት ይላል። እናቴ አሳትማ ያወጣችውን ወረቀት አራት ጊዜ አጥፋ ደረቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ያን ሳምንት በሙሉ ሳህን ስታጥብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያት ነበር።

ስብሰባው ላይ አራት ነበርን፤ ዳይሬክተሩ፣ ዩፍ ማሪኬ፣ እናቴና እኔ። ዳይሬክተሩ ቁመቱ በሩን የሚሞላ ሰው ነው፤ ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ አድቪስ አንዴ ከተሰጠ እንደማይለወጥ፣ ይህም ለልጅቷ ተብሎ እንደሆነ አስረዳ። ጨረሰና ሊነሳ ወንበሩን ገፋ።

እናቴ አልተነሳችም። በሆላንድኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ዋር ስታት ዳት?» አለችው። የት ላይ ተጽፏል?

«ይቅርታ?»

«አይለወጥም አሉ። የት ላይ ተጽፏል? ያሳዩኝ።»

ዳይሬክተሩ ወደ ዩፍ ማሪኬ ዞረ። ያኔ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ እጥፋቱን ዘረጋችና ፊቱ አኖረችው። «እኔ ማንበብ ላይ ዝግተኛ ነኝ። እባክዎ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» አለችው። አነበበ። መሀል ላይ ድምፁ ዝቅ አለ፤ እስከ መጨረሻው ግን አነበበው። ዩፍ ማሪኬ ፊቷ ቀልቶ፣ «ሂሳብ ሁልጊዜ ቀድማ የምትጨርሰው እሷ ናት። ይህን መጻፍ ነበረብኝ» አለች። እስካሁን የማከብራት ለዚህ ቃሏ ነው።

በሳምንቱ አዲሱ ደብዳቤ መጣ፤ ሃቮ ወይም ቬዌኦ፣ ማለት ከፍተኛዎቹ ሁለት መስመሮች። እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ አባቴ ጋ ደወለች። መጋዘኑ ውስጥ ማሽን ስለሚጮህ አባቴ አልሰማትም፤ አደጋ የደረሰ መስሎት «ማን ተጎዳ? ማን ተጎዳ?» ይላል፤ እሷ «ማንም! አሸነፍን!» ትላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በር ከፍቶ ወጣ። መምህር ደብዳቤውን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«ማኅተሙ የታለ?» አሉ።

«እዚህ አገር ማኅተም አያደርጉም» አልኳቸው።

«መጥፎ ልማድ ነው» አሉና ወረቀቱን ለእናቴ በሁለት እጃቸው መለሱላት። ከዚያ ጭንቅላቴን ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ።

መምህር እኔ ሁለተኛ ደረጃን ሳልጨርስ ወደ ኬረላ ተመልሰው እዚያው አረፉ። እኔ አሁን አምስተርዳም ውስጥ መምህርነት እማራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል እገባለሁ። ወላጅ ለማነጋገር ስቀመጥ ደንቡን አትሜ ከእነሱ በኩል አስቀምጠዋለሁ፤ ሳይጠይቁኝ። ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልሽ ብባል ግን የራሴን ዕድል አልጠቅስም። ተረቱ ሲነገር ከምንጣፉ ላይ አፌን ከፍቼ የምሰማው እኔ ነበርኩ፤ ተረቱን ይዛው የሄደችው እናቴ ናት።

እሑድ እሑድ ሮተርዳም ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። እናቶች ከቦርሳቸው ደብዳቤ ያወጣሉ፤ ከትምህርት ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ አንዳንዱ ሳይከፈት የከረመ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጥጉ ላይ ትቀመጣለች፤ አንዱን ታነባለች፣ በጣቷ መስመሩን ትይዛለች፣ ትጠይቃለች። የእኔ ሆላንድኛ ከሷ በብዙ ይሻላል፤ ሁሉም ያውቃል። ወረፋው ግን እሷ ዘንድ ነው።