የቬርና ተርጓሚ

አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለው የባቡር ድርጅታችን ኮምፒውተር ከገባ በኋላ አዲስ ዓይነት ቀሳውስት በቀሉ፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች። ጥምጣም የላቸውም፤ ከረባት አላቸው። ማሽኑን የሚያዙት በቁጥር ብቻ ነበር። የጻፉትን ከእነሱ በቀር የሚያነበው የለም፤ ከወር በኋላ ደግሞ እነሱም አያነቡትም። ይህን ጥበብ ይሉታል።

ቬርና ሊንድክዊስት በዱሉት ከተማ ሒሳብ ስታስተምር ቆይታ የመጣች፣ ወንበር የሚኮሰኩሳት ሴት ነበረች። ሰው በተራ ቃል «ባዶ ፉርጎዎችን ቁጠር» ብሎ ሲጽፍ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም ጀመረች። ስሙን ተርጓሚ አለችው።

የቀሳውስቱ አለቃ ኦርቪል ስተንገር ሳቀባት። «ማሽን ቃል አይገባውም፣ እሜቴ!»

«አንተስ መቼ ይገባሃል? ደመወዝ ግን ይከፍሉሃል።»

ዳይሬክተሩ ሚስተር ሃልቮርሰን ቁርጡን ነገሯት፦ በየካቲት ሠርቶ ካላዩት ተርጓሚው ይጣላል፣ እሷም ወደ ቁጥሩ ትመለሳለች።

ትእዛዛችንን በቀዳዳ የምንጽፍባቸውን ካርዶች በመስኮት ለማሽኑ ሠራተኛ ሰጥተን ውጤቱን ለሰዓታት እንጠብቅ ነበር። ቬርና ደግሞ መጠበቅ አልተፈጠረላትም። በፉርጎው ፕሮግራም ላይ ስህተት ስታገኝ ቃሉን አርማ እንደገና ማስተርጎሙ አንገሸገሻት፤ በተተረጎመው የቁጥር ካርድ ላይ በእጇ ቀዳዳ በስታ አለፈችው። ሁላችንም እናደርገዋለን። ልዩነቱ፣ እኛ እንደ እሷ «በቁጥር መጻፍ ይቅር» ብለን አንሰብክም።

ቀኑ ደረሰ፤ ማሽኑ ለእሷ ብቻ ተለቀቀ። ማሽኑ ትክክለኛውን ቁጥር አተመ። ሚስተር ሃልቮርሰን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «መልካም። እስቲ የከብት ፉርጎዎቹን አስወጪና ድገሚው» አሉ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ ተርጓሚው ሁሉንም እንደ አዲስ ተረጎመ። ድርጅቱ ካሉት ፉርጎዎች የሚበልጥ ባዶ ፉርጎ ታተመ!

«ተርጓሚሽ ፉርጎ ይወልዳል እንዴ?» አለ ኦርቪል።

የማሽኑ ሠራተኛ ዴል አዘነላት። «ከማሽኑ አምፖሎች አንዱ ተቃጥሎ ይሆናል» አለ። በመሥሪያ ቤታችን ከዚህ የተከበረ ውሸት አልነበረም፤ ስንቱ ሰነፍ በተቃጠለ አምፖል ጡረታ ወጥቷል።

ቬርና እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች።

«አምፖል አልተቃጠለም፣ ሚስተር ሃልቮርሰን። ተርጓሚው የጻፍኩትን ነው የተረጎመው። ስህተቱን ቁጥሩ ላይ በእጄ አርሜ ቃሉን እንዳለ ተውኩት። አሁን ሲተረጎም ስህተቱ ተመለሰ።»

«በቁጥር? አንቺ?» ኦርቪል ዓይኑ በደስታ በራ።

«አዎ። እንዳንተ።»

ዳይሬክተሩ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። ያኔም እንዲሁ ከሆነ አበቃ።»

ቃሉን አረመች፤ ካርዶቹን በመስኮት ሰጠች። ከዚያ ኮሪደሩን ስትመላለስበት ቆየች። ሳንድዊች ዘረጋሁላት፤ ይዛው ዞረች እንጂ አልቀመሰችውም። ማተሚያው ሲንኳኳ ወረቀቱን ሳያልቅ ልትጎትተው ስትል ዴል እጇን መታት።

ሚስተር ሃልቮርሰን ተመልሰው አነበቡ። ልክ ነበር።

«ተርጓሚው ይቀጥላል። ግን የረጋ ኃላፊ ያስፈልገዋል። ኦርቪል ይምራው፤ አንቺ ታስተምሪዋለሽ።»

ኦርቪል ከመነሻው ሲያላግጥበት የኖረውን ሥራ እንዲመራ ተሾመ፤ የእኛ ድርጅት ፍትሕ ይኸው ነው። ቬርና ደሟ ፈላ፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች።

«አስተምረዋለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ የተተረጎመ ካርድ በእጁ የነካ ከተርጓሚው ሥራ ይውጣ። እኔም ብሆን፣ ኃላፊውም ቢሆን።»

«ተገቢ ነው» አሉ ሚስተር ሃልቮርሰን።

ኦርቪል ለእንኳን ደስ ያለህ የዘረጋውን፣ ካርድ መብሳት የለመደ እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።