ነጩ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አጥፍተው ያብሩ

ከጅቡቲ ወደብ ብዙም በማይርቅ አንድ የኮንቴይነር ግቢ ውስጥ ኔትወርክ እሠራ በነበረበት ዘመን፣ ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው የሰው ፊት ሳይሆን ኮንቴይነሮቹ ከነበሩበት መነሣት አለመነሣታቸውን ነበር። ለሰው ሰላምታ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ትናንት ባዶ የነበረ ሜዳ ላይ አራት ፎቅ ብረት ተደርድሮ ካየሁ ቀኔ እንደተበላሸ አውቃለሁ። ሌላው ሠራተኛ ሙቀቱንና ነፋሱን ሲያማርር እኔ ብረት ሳማርር እውላለሁ። አርሂባ ሰፈር ያለችው እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እህል እየበላሽም ሣጥን ትቆጥሪያለሽ» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

ጊዜው አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ ገና ያልጀመረበት ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ዕቃ ሁሉ በከባድ መኪና ስለሚጫን፣ በራችን ላይ ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ተራ ይጠብቃሉ። የእኔ ሥራ መዝጋቢዎቹ በእጃቸው የሚይዙት ስካነር ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ያለ ገመድ እንዲገናኝ ማድረግ ነው። መዝጋቢው ኮንቴይነር ማንሻውን መኪና እየተከተለ የትኛው ኮንቴይነር የትኛው ረድፍ ላይ እንዳረፈ ይጽፍና ይልካል። መስመሩ ከተቋረጠ የጻፈው አይደርስም፤ ኮምፒውተሩ ኮንቴይነሩ አሮጌ ቦታው ላይ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሁሉ ሣጥን መካከል ፍለጋ ነው። ሾፌሩ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆማል፣ ይሳደባል፣ እውነቱን ነው።

ከመዝጋቢዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ። በባቡሩ ዘመን የዕቃ መጋዘን ጸሐፊ ነበሩ፤ ባቡሩ ሲቆም ሥራ አጥተው ብዙ ከርመው ነው እኛ ግቢ የገቡት። ባልባላ ሰፈር ከባለቤታቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ ከቤቱ ደመወዝ ያለው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። በዚህ አቧራ የተተኮሰ ሸሚዝ ምን ያደርጋል ብዬ ስቀልድባቸው «ሥራ የምገባው እኮ ነው ልጄ» ይሉኛል።

የመጀመሪያውን ኔትወርክ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ የዘረጋሁትም በተማርኩት መንገድ ነው። ግቢውን በክልል በክልል ከፋፈልኩ፤ ለእያንዳንዱ ክልል አንድ አንቴና፣ ለእያንዳንዱ አንቴና ከጎረቤቱ የተለየ ቻናል፣ ማለት የሚያወራበት የሬዲዮ ሞገድ። አንድ፣ ስድስት፣ አሥራ አንድ፤ እንደገና አንድ፣ ስድስት፣ አሥራ አንድ። ሁለት ጎረቤታም አንቴናዎች አንድ ቻናል ላይ ካወሩ ንግግራቸው ይደበላለቃል፤ ይህ በእኛ ሙያ ሀሁ ነው። ካርታዬን በሦስት ቀለም ቀብቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። ችግሩ የተሣለው በአንድ ቀን አቀማመጥ መሆኑ ነው። ብረቱ በተዛወረ ቁጥር አንዱ ክልል ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል። ስካነሩም ግትር ነው፤ አንዴ የያዘውን አንቴና ጭራሽ እስኪጠፋበት ድረስ አይለቅም፤ አጠገቡ ሌላ እየጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ያኔ ያገኘሁትን ዘዴ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። አንዱ ክልል አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ሁሉ በኖራ የተቀባ ድንጋይ አስቀመጥኩ። መዝጋቢዎቹን ሰብስቤም «ነጩ ድንጋይ ጋ ስትደርሱ ስካነሩን አጥፉት፣ አብሩት፣ ሃያ ድረስ ቁጠሩና ሥራችሁን ቀጥሉ» አልኳቸው። እንዲህ ሲደረግ ስካነሩ አሮጌውን አንቴና ለቆ ቅርቡን ይይዛል። ወጣቶቹ ሣቁ። ጋሼ ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ጻፉት።

ድንጋዩ ግን ባለበት ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው ብረቱ ነው። በዓመት ውስጥ ጋሼ የመዘገቡት ኮንቴይነር ሁለት ጊዜ ጠፋ። ኃላፊያችን ከእኔ ብዙም የማይበልጥ የአገሩ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገር ግን ወረቀት ያምናል። ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ሁለተኛውን ሲፈርሙ እዚያው ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጬ ገመድ እቆርጥ ነበር። የእኔ ካርታ ነው ያጠፋው ማለት ነበረብኝ። ኮንትራቴ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበርና ዐይኔን በጨው አጥቤ ገመዴን መቁረጤን ቀጠልኩ።

የቻናል ካርታ የማይጠይቅ አሠራር መኖሩን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቴናዎቹ ሁሉ አንድ ቻናል ላይ ይሆናሉ፤ ስካነሩም ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ትልቅ አንቴና ብቻ ይመስለዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ልዝለል አልዝለል ብሎ አይወስንም። የትኛው አንቴና መቼ እንደሚናገር፣ ለየትኛው ስካነር ማን እንደሚመልስ የሚወስነው ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ መቆጣጠሪያ ሣጥን ነው። ብረቱ እንደፈለገ ቢዛወር የሚከለስ ካርታ የለም።

ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን አንድ ቀን አልቆየም። ጎረቤታሞችን አንድ ቻናል ላይ ማድረግ ለእኔ የተማርኩትን መካድ ነበር። ሣጥኑ ቢሳሳት የሚጠፋው አንድ ክልል ሳይሆን ግቢው በሙሉ ነው። እንዲህ እየፈራሁ ኃላፊው ፊት ስቀርብ ደግሞ ፍርሃቴ ጭራሽ ደፋር አደረገኝ። «በዚህኛው አሠራር መስመር አይቋረጥም፤ ከተቋረጠም ጥፋቱ የኔትወርኩ አይሆንም» አልኩት አፌን ሞልቼ።

«ጥሩ» አለኝ በፈረንሳይኛ። «እንግዲያው ኮንቴይነር ከጠፋ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናውቃለን።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት የገባኝ። ለጋሼ ብዬ ያመጣሁት ነገር ጋሼን ማባረሪያ ማስረጃ ሊሆን ነው።

ሦስት ሳምንት መሰላል ላይ ወጥቼ ዋልኩ። አንቴናዎቹን አንድ በአንድ ወደ አንድ ቻናል ስቀይር እያንዳንዱን ደጋግሜ አረጋግጥ ነበር። መቆጣጠሪያ ሣጥኑን መቶ ጊዜ ፈተንኩት። ሰው ጋር ግን አልደረስኩም፤ መዝጋቢዎቹን ሰብስቤ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ሙከራው ለአንድ ጠዋት፣ እስከ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጫት ስለሚገባ ከተማው ለሥራ አይመችም። አምስት መዝጋቢዎች ወጡ። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ፤ ኃላፊው ከኋላዬ ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልተቋረጠም፤ መተንፈስ ጀመርኩ። ከዚያ አንዱ ስካነር ጠፍቶ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። እንደገና። ቁጥሩን ሳላየው አወቅሁት፤ የጋሼ ነው። በር ላይ አንድ ሾፌር ጡሩምባውን ይነፋል፤ እንዲጫንለት የሚጠብቀው ኮንቴይነር በኮምፒውተሩ ረድፍ አራት ላይ አለ፣ ሜዳው ላይ ግን የለም።

«አራቱ አንዴም አልተቋረጡም» አለ ኃላፊው። «ኔትወርኩ ደህና ነው። የቀረው ሰውየው ነው።»

«አሥር ደቂቃ» አልኩትና ሮጥኩ። በሁለት ብረት ግድግዳ መካከል ያለው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ጸሎት የማበዛ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ኔትወርኬ የተበላሸ እንዲሆን ለመንኩ። የገዛ ሥራዬ እንዲበላሽ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼን ረድፍ ዘጠኝ ጥግ ላይ አገኘኋቸው። ነጩ ድንጋይ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ስካነሩን አጠፉት፣ አበሩት፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። እየቆጠሩ ነው። ሃያ ላይ ሲደርሱ ወደ ማንሻው መኪና ፈጠን ብለው ሄደው የኮንቴይነሩን ቁጥር ጻፉና ላኩ። አዲሱ መቆጣጠሪያ ሣጥን ግን ጠፍቶ የተመለሰን ስካነር መልሶ ለመቀበል ከአሮጌው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሃያ አይበቃውም። የላኩት ሁሉ ባዶ አየር ላይ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ሰዓት አንድ ክልል ውስጥ ብቻ ስለሠሩ ድንጋይ አልገጠማቸውም ነበር።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደንግጠው ዞሩ። «ያልሽውን ነዋ ልጄ። አንድ ድንጋይ ዘልዬ አላውቅም፤ በእግዜር።»

እውነታቸውን ነው። ወጣቶቹ ገና በሁለተኛው ወር ሰልችቷቸው ትተውት ነበር። እስከ ዛሬ ቃሌን የጠበቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሊባረሩ የደረሱትም ቃሌን በመጠበቃቸው ነው። ክንዳቸውን ይዤ «ቢሮ እንሂድ» አልኳቸው።

ተያይዘን ቢሮ ገባን። ጋሼ በር አጠገብ ቆሙ፤ የተተኮሰው ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። እኔ ኃላፊውን ሳይሆን ጠረጴዛውን እያየሁ ተናገርኩ። አጥፍተው ያብሩ ያልኳቸው እኔ መሆኔን፣ ድንጋዮቹን ማንሣትና ይህ ቀርቷል ማለት የረሳሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ለዚያ ቀን በቂ ነበር። ምላሴ ግን አልቆመም። «ቀድሞ የጠፉት ሁለቱ ኮንቴይነሮችም የእኔ ካርታ ጥፋት ናቸው። እሳቸው በትክክል ጽፈው ልከዋል፤ ያላደረስኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ከመሳቢያው የጋሼን ፋይል አወጣ፤ ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች ነጥሎ ለየብቻ አስቀመጣቸው። «በእሳቸው ፋይል ውስጥ አይቆዩም» አለ። «ነገ በስምሽ ተጽፈው ትፈርሚያለሽ። ሁለቱንም።» ሦስተኛው ምን እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም።

ስንወጣ ጋሼ ደረጃው ላይ ቆም አሉ። ከኃላፊው ጋር ያወራነውን ፈረንሳይኛ የተረዱት አልመሰለኝም ነበር፤ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ በሆነው ባቡር ላይ ያደገ ሰው መሆናቸውን ረስቼ።

«ያን ጊዜም ታውቂ ነበር? ሁለተኛውን ስፈርም?»

«አውቅ ነበር ጋሼ።»

ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። የሸሚዛቸውን እጅጌ አስተካክለው ወደ ሜዳው ወረዱ፤ እኔም ከኋላቸው። ሙከራው ገና አላለቀም፤ የጠፋው ኮንቴይነር ገና አልተመዘገበም። ረድፍ ዘጠኝ ጋ ስንደርስ ስካነሩን ዘረጉልኝ።

«አንቺ ያዢው። እኔ እጄን አላምነውም፤ ድንጋዩን ሲያይ ያጠፋዋል።»

ተቀበልኳቸው። ጎን ለጎን ሄድን። ይህን ኔትወርክ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ መቶ ጊዜ የፈተንኩት እኔ ነኝ፤ እንደማይቋረጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ነጩን ድንጋይ ስናልፍ ግን አውራ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ ጋሼም አዩት።