ያልተከፈተው ቅጽ

በዊተንበርግ ቤተ መጻሕፍታችን በሩን ስከፍት ቆመው የማገኛቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ይለብሳሉ። ሁልጊዜ የጀርመኑን የሃይማኖት ተሐድሶ መሪ የሉተርን ሥራዎች ሁለት ቅጾች ያዙኛል፤ ከምድር ቤት ተሸክሜ አመጣለሁ። ከአንዱ ጥቂት መስመር በእርሳስ ይገለብጡና የራሳቸውን ጽሑፍ ይቀጥላሉ። ሁለተኛውን፣ የአይሁድ ምኩራቦች ይቃጠሉ ብሎ የጻፈበትን፣ አንድ ቀን እንኳ አይከፍቱትም። ደብተራቸውን ብቻ ያሳርፉበታል።

«እትዬ፣ ካላነበቡት ለምን ያሸክሙኛል?» አልኳቸው ዛሬ፣ ወገቤን ሲያመኝ።

«ሰነፍ!» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «መጻፍ ያስተማረኝ የሉተር ብዕር ነው። ቃሉን ይዘው ያቃጠሉት ደግሞ የአያቴን ምኩራብ ነው። እስቲ የቱን ልተውልህ?»

 መልስ እስካገኝ ሁለቱንም እሸከማለሁ።