ጉልበቴ እስኪሰበር የጠበቀኝ መድን

ከጎባ የተነሳሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይንተከተካል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ነርስነት ልማር ጀርመን አገር መሄዴ ነበር። እናቴን ያስጨነቃት ግን የአገሩ ርቀት ሳይሆን የእኔ ክሳት ነው። «ሰው አገር እንዲህ አጥንትሽ ገጥጦ ብትታዪ የሚሰደበው ማን ይመስልሻል?» እያለች በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ታጎርሰኛለች። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ከደሎ መና የመጣ ማር በጠርሙስ ይዘው መጡና፣ በኦሮምኛ መርቀው ሲያበቁ በአማርኛ «ወፍረሽ ነይ» አሉኝ። አባቴ የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለሆነ ምክሩም እንደ ደብዳቤ አጭር ነበረ፤ ሳላነብ እንዳልፈርም ብቻ ነገረኝ። ዶዶላ ሳንደርስ ጭኮውን በሙሉ በመስኮት አስመለስኩት።

ጀርመኖች እንግዳ የሚቀበሉት በወረቀት ነው። በደረስኩ በሳምንቱ ክራንከንካሴ የሚሉት የሕዝብ የጤና መድን ውስጥ አስገቡኝ። ቋንቋውን ስላልቻልኩ ሳላነብ ፈረምኩ፤ አባቴ ይቅር ይበለኝ። እየሠራሁ ስለምማር የሚከፈለኝ ደመወዝ እጄ ሳይገባ የመድኑ ድርሻ ይቆረጣል፣ በምላሹ ስታመም ያሳክመኛል ተባልኩ። ይህን ለእናቴ ስጽፍላት፣ ሳይታመሙ ለበሽታ መክፈል ሟርት ነው ብላ በወንድሜ እጅ አስጻፈችልኝ።

ስለ ምግባቸው አትጠይቁኝ፣ ግን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ቀዝቃዛ ዳቦ፣ በመሀል ድንች። የሮቤ ገበያ ድንች ቢያንስ አፈር አፈር ይሸታል፤ የእነሱ ምንም አይሸትም። ጣዕሙ እስኪመጣ እበላለሁ፣ ጣዕሙ ሳይመጣ ሳህኑ ያልቃል። በዚያ ላይ አከራዬ ፍራው ሄልጋ እሑድ እሑድ ኩኸን የሚሉትን ኬክ ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። ሰው ያቀረበልኝን እምቢ ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። በዚህ አገር እምቢ ማለት እንደሚቻል ያወቅሁት ቀሚሶቼ ሁሉ እምቢ ካሉኝ በኋላ ነው።

ፎቶግራፌ ጎባ ሲደርስ ደስታ ሆነ። እናቴ ሮቤ ገበያ ድረስ ይዛው ወርዳ ለዘመድ ሁሉ አሳየች። አዴ ፋጡማም አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሰው መሰለች አሉ። ሰው የመሰለችው ልጅ ግን የምትማርበትን ሆስፒታል ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ቋ ማለት ጀምሮ ነበር።

የሆስፒታሉ ሐኪም ሽማግሌ፣ ደግ ሰው ናቸው። ጉልበቴን የሚጫነው ውፍረቴ ነው ብለው የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ ኪኒን አዘዙልኝ። በትክክል መስማቴን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። እኛ ዘንድ እናቶች ልጄ እህል አልበላ አለ ብለው ወደ ሐኪም ይሮጣሉ፤ እዚህ እህል የሚያስጠላ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ሐኪሙ ግን አልቀለዱም። በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎች የጤና ምርመራ ስላለ፣ በዚህ ጉልበት ከሄድኩ ከነርስነቱ እሰናበታለሁ። ኪኒኑን ደግሞ በተማሪ ደመወዝ መግዛት አይታሰብም። ፋርማሲው መድኑ ይፍቀድ አለኝ፤ ወደ መድኑ ሄድኩ።

የመድኑ ሹም እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሰውዬ ነው። ወረቀቴን አንብቦ፣ ውፍረት በሽታ እንዳልሆነ፣ የመብላት ውጤት ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። መድኑ የሚከፍለው ለበሽታ ነው።

«ጉልበቴስ ቢሰበር?» አልኩት።

«ያን ጊዜ ሁሉንም እንከፍላለን። ኦፕራሲዮኑን፣ ምርኩዙን፣ ማገገሚያ ቤቱንም።»

«እንግዲያው ይሰበር ነው የሚሉኝ?»

«እኔ እንዲህ አላልኩም። ሲሰበር ቅጽ ይሙሉ ነው የምልዎት።»

ከዚያም ድምፁን አለስልሶ፣ በአገሬ ሰዎች ምግብ ሳይበሉ እንደሚውሉ መስማቱን ነገረኝና፣ እንዴት እንደሚችሉት ባስታውስ ይጠቅመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስላሰበልኝ አመሰገንኩት።

ይግባኝ አልኩ። ሐኪሙ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉልኝ። መልሱ የመጣው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ኪኒኑ ፀጉር ከሚያበቅል ቅባትና የፊት መጨማደድ ከሚያጠፋ ክሬም ጋር አንድ ላይ ተመድቧል፤ ለቁንጅና ነው፣ መድኑ አይከፍልም። ሮቤ ገበያ ላይ ቆንጆ ያስባለኝን ሥጋ፣ እዚህ ላስወግደው ብጠይቅ ለቁንጅና ነው ተባልኩ። ፍራው ሄልጋ ደብዳቤውን እያነበቡልኝ አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ግን ኬክ ቆረሱልኝ።

ለምርመራው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አንሶላ ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። የሰማሁት ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው።

ከዚያ ወዲያ የመድኑን ቸርነት ብታዩ። አምቡላንስ መጣ፣ ታዋቂ ነው የተባለ ቀዳጅ ሐኪም ቀደደኝ፣ ምርኩዝ ተገዛልኝ። ከዚያም ጫካ መሀል ያለ ማገገሚያ ቤት ላኩኝ። በመጀመሪያው ጠዋት ነርሷ በትንሽ ሳህን ኪኒን አመጣችልኝ። ስሙን አነበብኩት። ያው ኪኒን ነው። ምነው አልኳት። የተጠገነ ጉልበት ክብደት እንዲቀልለት ነው፣ መድኑ ፈቅዷል አለችኝ። አልጋው ላይ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር መጋረጃውን ስባልኝ ወጣች።

ከሳሁ። ጉልበቴ ግን እንደ ቀድሞው አልታጠፍ አለ። ትምህርት ቤቱ የሚያነክስ ነርስ አንቀበልም ብሎ በትህትና አሰናበተኝ፤ አሁን እዚያው ሆስፒታል ተቀምጬ አንሶላ እጠግናለሁ። ለአገር ቤት የጻፍኩት ግን ትምህርቱ ትንሽ ረዘመ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር በደብዳቤ ቀጠሮ ይዘን ጎባ ስልክ ቤት ደወልኩ። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቅ ውላለች። ድምፅሽ ቀጠነብኝ አለች፤ ሽቦው ነው አልኳት። የጤናዬን ጠየቀች፤ ደህና ነኝ አልኩ። ከዚያ የልቧን አወጣችው።

«አባትሽ ጡረታ ሊወጣ ነው። ያቺን ከላይ ያለችውን መሬት ገዝተን ቤት ጀምረናል። ዳገት ነው፣ መኪና አይወጣውም፣ ግን አገሩ ሁሉ ከዚያ ይታያል። ስትመጪ አንቺና እኔ እያወራን በእግራችን እንወጣዋለን። እኔ ሲደክመኝ አንቺ ትጎትቺኛለሽ።»

«እሺ እማዬ» አልኩ።

«በቶሎ ትመጫለሽ?»

የስልክ ቤቱ ሰው ሰዓት አለቀ አለ። እሷ ግን አልሰማችውም መሰለኝ፣ መልሴን ትጠብቃለች፤ ዳገቱን በቅሎ ይወጣዋል ወይ ብዬ ስጠይቃት መስመሩ ተዘጋ።